ጨጓራ ላለበት ሰው ምን ይመረጣል? ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ገበታ ማነጻጸር

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሥራ የሚወርድ ሰው ቁርሱን የት ይበላል? እኔ ለዓመታት የትም አልበላም ነበር። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሲኒ ቡና በቁሜ ጠጥቼ መኪና ውስጥ እገባለሁ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሳንጨርስ ከደረቴ ሥር መፋጀት ይጀምራል። 4 ሰዓት ላይ ያገኘሁትን እበላለሁ። ያገኘሁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በርበሬ የጠጣ ፍርፍር ነው። በመጨረሻ ሐኪም ፊት ስቀርብ ቀላል የጨጓራ መቆጣት እንደሆነ ተነገረኝ፤ ምክሩም «የሚያቃጥል ነገር አትብላ» የሚል ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ግራ መጋባቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤት ወተት ጠጣ ይላል፤ የሥራ ባልደረባ ወተት ጭራሽ አትቅመስ ይላል። አንዱ ተልባ፣ ሌላው አብሽ ያዝዛል። እንጀራ ተውና ዳቦ ብላ የሚል አለ፤ ዳቦው ነው የሚነፋህ የሚልም አለ። ሁሉም ከልቡ ነው የሚናገረው፤ ሁሉም የረዳውን ነው የሚያካፍለው። ነገር ግን ምክሮቹን አንድ ላይ ብከተል ኖሮ የሚበላ ነገር አይተርፈኝም ነበር። ስለዚህ ምግቦቹን አንድ በአንድ፣ በአንድ ዓይነት መመዘኛ ማወዳደር ጀመርኩ። እዚህ ያለው የዚያ ውጤትና ከሕክምናው በኩል የተረጋገጠው ነገር አንድ ላይ ነው።

ምግብ ከመምረጥ በፊት

ጨጓራን በብዛት የሚያስቆጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ሲሆን ሌላው እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። አልኮልም ይጨመርበታል። ለረጅም ዘመን ጥፋተኛ ተደርገው የኖሩት ግን በርበሬና ጭንቀት ነበሩ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ፤ ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በዚሁ ግኝት ነው።

ይህን ያነሣሁት አንድ ነገር እንዲታወቅ ስለምፈልግ ነው፤ ባክቴሪያው ካለ በገንፎ አይወጣም። የሚጠፋው ሐኪም በሚያዝዛቸው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችና የአሲድ መቀነሻ ነው፤ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ይወስዳል። በ5ኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም ባክቴሪያውን መድኃኒት ማልመድ ነው። ባክቴሪያው መኖሩን ለማወቅ የሰገራ ምርመራ የሚያደርጉ ሰዎች ኦሜፕራዞል የሚባለውን የአሲድ መቀነሻ እየወሰዱ ከሆነ አስቀድመው ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ከሰገራው ምርመራ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ካልቆመ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል።

ለወገብና ለራስ ምታት እያሉ ያለ ማዘዣ ዳይክሎፌናክ የሚገዙ ሰዎች ደግሞ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ቢፈጽሙም ብዙ ለውጥ አያዩም። ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከት ውስጥ ደም ከታየ፣ ምግብ ለመዋጥ ከከበደ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ መቀስቀስ ከጀመረ ይህን ማንበብ ትተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የሚከተለው ንጽጽር ሕመሙ ቀላል እንደሆነ ለተነገረው ሰው ብቻ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

አንድን ምግብ «ለጨጓራ ጥሩ ነው» ከማለት በፊት አምስት ነገር እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ቅባቱና ቁሌቱ ምን ያህል ነው? ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ በቆየ ቁጥር ቃርና መንፋት ያመጣል። ሁለተኛ፣ ኮምጣጣ ነው ወይ? ሦስተኛ፣ ልስላሴው እንዴት ነው፤ በደንብ የበሰለና ለማላመጥ የማያስቸግር ነው? አራተኛ፣ ምን ያህል ሰዓት ያቆያል? ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በ1 ሰዓት ተኩል ውስጥ መልሶ የሚያስርብ ምግብ፣ ለስላሳ ቢሆንም፣ ባዶ ሆድ ላይ ይጥላል። አምስተኛው ዋጋውና በአካባቢያችን መገኘቱ ነው፤ ለሳምንት ብቻ የሚቻል አመጋገብ ጨጓራን አይጠግንም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የእያንዳንዱ ሰው ጨጓራ የራሱ ጠባይ አለው። እኔን ቲማቲም በእጅጉ ይፈጀኛል፤ ባለቤቴን ምንም አይላትም፤ እሷን የሚነፋት ጥቅል ጎመን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ይዩት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። አምስት ነገር በአንድ ቀን ከተው የትኛው እንደጠቀመ አያውቁም።

እንጀራ፦ ዋናው ጥያቄ የሊጡ ዕድሜ ነው

እንጀራ ተው የሚለው ምክር በእኛ አገር ሰው ላይ ከባድ ነው፤ ደግሞም ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። ጨጓራን የሚነካው ኮምጣጣነቱ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ በሊጡ ዕድሜና በቤቱ ሙቀት ይወሰናል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ትሞቃለችም። ስለዚህ «የ3 ቀን ሊጥ» የሚባለው ነገር በሁለቱ ከተሞች አንድ አይደለም። በደሴ ሐምሌ ላይ በ3ኛው ቀን ገና መቡካት የጀመረው ሊጥ፣ በኮምቦልቻ ግንቦት ላይ በ2ኛው ቀን አፍ ያጨማድዳል። ዘመድ ጋር ወርዶ የበላው እንጀራ ለምን እንዳቃጠለው ግራ የሚገባው የደሴ ሰው መልሱ ይህ ነው።

የሰፈራችንን እንጀራ ጋጋሪ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ የማይኮመጥጥ እንጀራ ይኖርዎታል?»

«ጨጓራ ነው ልጄ?» አሉና የቡሃቃውን ክዳን አነሡት። ሊጡ ወደ ታች ረግቷል፤ ላዩ ላይ ሁለት ጣት ያህል ቢጫ ውሃ ጠልሏል። በጣሳ ቀድተው አስሸተቱኝ፤ ሽታው አፍንጫ ይወጋል። «ይህን በደንብ ሳላፈስ የጋገርኩት ነው የሚያቃጥልህ። ነገ በጠዋት ና፤ አፍለኛውን አስቀርልሃለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የምገዛው አፍለኛውን ነው። ዓይኑ ትንሽ ያንሳል፤ ጥፍጥናው ግን አለ፤ ደረቴም ይቀበለዋል። በቤት የሚጋግር ሰው ይህን ለማግኘት ተጨማሪ ገንዘብ አያወጣም፤ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ አጥልሎ ማፍሰስና አብሲቱን ከወትሮው አንድ ቀን ቀደም አድርጎ መጣል ብቻ ነው።

በእህሉ ዓይነት በኩል ብዙ አይድከሙ። ነጭ ጤፍም ቀይ ጤፍም ለጨጓራ ያው ነው፤ ለሕመሙ ብሎ ማኛ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ማሽላ የተቀላቀለበት እንጀራ በዋጋ ይረክሳል፤ ትኩሱን ከበሉት ችግር የለውም፤ በማግሥቱ ግን ይደርቅና ይሰባበራል፤ ያን ጊዜ ሳያላምጡ መዋጥ ይከተላል። ማሽላ የሚጋግር ቤት በየቀኑ የሚበቃውን ብቻ ቢጋግር ይሻላል።

መጠኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሁለት እንጀራ በአንድ ቁጭታ ከመብላት አንዱን 6 ሰዓት ላይ፣ ሌላውን 10 ሰዓት ላይ መብላት ለእኔ ከማንኛውም የምግብ ለውጥ በላይ ጠቅሞኛል።

ቁርስ፦ የቀኑ ጠባይ የሚወሰንበት

የገብስ ገንፎ በአራቱ መመዘኛዎች ይበልጣል። ለስላሳ ነው፤ አይኮመጥጥም፤ እስከ ምሳ ያቆያል፤ ገብሱም በዙሪያችን ካለው ደጋ ስለሚመጣ ከገበያ አይጠፋም። የሚወድቀው መሐሉ ላይ በምንቆፍረው ጉድጓድ ነው። ያንን ጉድጓድ በቅቤና በበርበሬ ከሞላነው ገንፎው ያተረፈውን ሁሉ እናጠፋዋለን። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ፣ ትንሽ ጨው፣ ካሻ ዳር ዳሩን እርጎ ይበቃዋል። ድካሙ ግን አለ፤ ማማሰል ጉልበት ይጠይቃል፤ 12 ሰዓት ላይ ከቤት የሚወጣ ሰው በየቀኑ አይችለውም።

አጃ ከገንፎ ይልቅ ይለሰልሳል፤ ለማቅለሽለሽ ጊዜ ደግሞ ቀጠን ብሎ የተሠራ የአጃ አጥሚት የሚያክል አላገኘሁም። ከውጭ የሚመጣው በቆርቆሮ የታሸገው አጃ ዋጋው ከፍ ይላል፤ እህል ተራ ፈልገው አገር ቤት የተመረተውን ቢያገኙና ቢያስፈጩ ሥራው አንድ ነው፤ ብስሉን ብቻ ረዘም ያድርጉለት።

ቂንጬ ከሁለቱ መካከል ነው። ጥርስ የሚሰማው በመሆኑ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ቢያድር ይሻላል፤ ቅቤው በዝቶ ሲያብረቀርቅ ከቀረበ ግን ቃር ይጠብቁ።

በሶ ግን ልዩ ቦታ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። መንገደኛ የሆነ፣ ማለዳ የሚወጣ፣ ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ከበሶ የተሻለ ቁርስ የለውም። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ማብሰል አይፈልግም። በትንሽ ጠርሙስ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ማር በጥብጬ ይዤ እወጣለሁ፤ መኪና ስጠብቅ ጠጥቼ እጨርሰዋለሁ። ያ የሐረጎ ላይ መፋጀት የቀረልኝ በዚህ ነው። ጭብጦ አድርገው፣ በርበሬና ቅቤ አሽተው የሚበሉት በሶ ግን ሌላ ምግብ ነው፤ ደረቅና ከባድ ስለሆነ ጨጓራ ሲቆጣ አይመረጥም።

ዳቦ በሻይ ርካሽና በየደረሱበት የሚገኝ ነው፤ አይኮመጥጥም፣ ቅባትም የለውም። ጉድለቱ አለማቆየቱ ነው። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ ሙዝ ሲጨመርበት ግን ሙሉ ቁርስ ይሆናል። ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ የሚነፋው ሰው ስላለ ቀዝቀዝ ይበል።

ፉል በራሱ መጥፎ አይደለም፤ በላዩ የሚፈስሰው ዘይት፣ ቃሪያው፣ ቲማቲሙና ሚጥሚጣው ነው የሚጎዳው። ቁርስ ቤት ገብተው «ያለ ቃሪያ፣ ያለ ሚጥሚጣ፣ ዘይቱ ትንሽ» ብለው ማዘዝ ይችላሉ፤ ባቄላው የሚነፋቸው ሰዎች ግን ይተዉት። የበርበሬ ፍርፍር በዚህ ንጽጽር የመጨረሻውን ቦታ ይይዛል። የኮመጠጠ እንጀራ፣ የቁሌት ዘይትና በርበሬ በባዶ ሆድ ላይ አንድ ጊዜ ይወርዳሉ።

ወጡ፦ ከበርበሬው ይልቅ ቁሌቱን ይዩ

በርበሬ ጨጓራን አያቆስልም፤ የተቆጣውን ጨጓራ ግን ያቃጥለዋል። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሕመሙ ሲበርድ በርበሬን በጥቂቱ መመለስ ይቻላል ማለት ነው። እስከዚያው አልጫ ቤት ውስጥ ይንገሥ። ሽንኩርቱ ሳይጠቁር በትንሽ ዘይት ይለስልስ፤ እርድ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል ይግባበት፤ ጣዕሙ በቂ ነው።

ሽሮ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ምጥን ሽሮ ሲፈጭ በርበሬውና ቅመሙ አብሮት ስለተፈጨ «በርበሬውን ቀንሺው» ማለት አይሠራም፤ ያለው አማራጭ ሽሮውን ራሱን መለወጥ ነው። ነጭ ሽሮ ለብቻ ያስፈጩ ወይም ይግዙ። የጾም ቀን ምሳ ሁሉ ከእሱ ይወጣል።

ጥራጥሬ ሲመርጡ የተከካውን ያስቀድሙ፤ የአተር ክክ ወይም የምስር ክክ ከነልባሱ ካለው ያነሰ ይነፋል። ከደላንታ የሚመጣው ምስር የታወቀ ነው፤ ክኩን በአልጫ መሥራት ነው። በቃሉ ወረዳ በኩል ያለው ማሾም ቶሎ ስለሚበስልና ስለሚለሰልስ ከሽምብራ ይሻላል። ማንኛውንም ጥራጥሬ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ የዘፈዘፉበትን ውሃ ይድፉት።

አትክልት ውስጥ ድንች፣ ካሮትና ዱባ ያለ ጥርጣሬ ይገባሉ። የዱባ አልጫ በዋጋም በልስላሴም የሚወዳደረው የለም፤ በገበታችን ላይ ግን ከሚገባው በታች ነው የሚቀርበው። የሐበሻ ጎመን ተቀቅሎ ጥሩ ነው። ጥቅል ጎመን የሚነፋው ብዙ ነው። የቲማቲም ስልስ ኮምጣጣ ስለሆነ ፓስታና ሩዝ በስልስ ከሚመጡ በአትክልት ቢመጡ ይሻላል።

ሥጋ ለሚበላ ሰው ቅደም ተከተሉ ቅቅል፣ አልጫ፣ ከዚያ ብዙ ራቅ ብሎ ጥብስ ነው። ቁርጥ በአዋዜና በሚጥሚጣ ሕመሙ እስኪበርድ ይቆይ። ከሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ ዓሣ ሥጋው ቅባት የሌለውና ቶሎ የሚፈጭ ነው፤ ነገር ግን በየምግብ ቤቱ በዘይት ተጠብሶ ስለሚቀርብ ጥቅሙ እዚያው ይቀራል። ቤት ወስደው በሾርባ ወይም በአልጫ ቢሠሩት ከሥጋ ሁሉ ይበልጣል።

| አማራጭ | ለተቆጣ ጨጓራ | ምን ያህል ያቆያል | ዋጋ | ድካሙ | ለጾም |
|---|---|---|---|---|---|
| የገብስ ገንፎ በጥቂት ቅቤ | በጣም ተስማሚ | ረጅም | ዝቅተኛ | ብዙ | በዘይት ይሆናል |
| የአጃ አጥሚት ወይም ገንፎ | በጣም ተስማሚ | መካከለኛ | እንደ ዓይነቱ | ጥቂት | ይሆናል |
| በሶ በጥብጥ | ተስማሚ | ረጅም | ዝቅተኛ | የለውም | ይሆናል |
| ቂንጬ | ተስማሚ፣ ቅቤው ካልበዛ | ረጅም | ዝቅተኛ | መካከለኛ | በዘይት ይሆናል |
| ዳቦ በሻይ ከእንቁላል ወይም ሙዝ ጋር | ተስማሚ | መካከለኛ | መካከለኛ | ጥቂት | በሙዝ ይሆናል |
| አፍለኛ እንጀራ በአልጫ | ተስማሚ | ረጅም | መካከለኛ | መካከለኛ | ይሆናል |
| የኮመጠጠ እንጀራ በቀይ ወጥ | ሕመሙ እስኪበርድ ይቆይ | ረጅም | መካከለኛ | መካከለኛ | እንደ ወጡ |
| ፉል ያለ ቃሪያና ሚጥሚጣ | ለሚቀበለው ሰው | ረጅም | መካከለኛ | የለውም | እንደ አሠራሩ |
| የዓሣ ሾርባ ወይም አልጫ | በጣም ተስማሚ | መካከለኛ | ከፍ ያለ | መካከለኛ | እንደ ሥርዓቱ |
| ጥብስ፣ ቁርጥ | ሕመሙ እስኪበርድ ይቆይ | ረጅም | ከፍተኛ | መካከለኛ | አይሆንም |
| የበርበሬ ፍርፍር በባዶ ሆድ | አይመረጥም | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ጥቂት | በዘይት ይሆናል |

ቡናና ሌላው መጠጥ

ወሎ ውስጥ ቡና ተው ማለት ከሰው ተለይ ማለት ነው። ቡና የሚጠጣው ለሱሱ ብቻ አይደለም፤ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ዱዓ የሚደረገው ረከቦቱ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ምርጫውን «መጠጣትና አለመጠጣት» አድርጎ ማቅረቡ ለማንም አይረዳም። ቡና አሲድ እንዲመነጭ ይቀሰቅሳል፤ ወደ ደረት የሚመለሰውንም ቃር ያባብሳል፤ ክፉኛ የሚጎዳው ግን በባዶ ሆድ ሲጠጣ ነው።

ሦስት አማራጭ አለ። ሕመሙ በጸናባቸው ሳምንታት ጨርሶ መተው፤ ይህ ፈጣኑ መንገድ ነው። ሁለተኛው ከምግብ በኋላ አንድ ሲኒ ብቻ መጠጣት ነው። ሦስተኛው እኔ የያዝኩት ነው፤ አቦሉን ለሌላው ትቼ ከቶና እጀምራለሁ። ያው አተላ ተመልሶ ስለሚፈላ ቶናው ይቀጥናል፤ በረካው ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ከሰው ጋር ተቀምጬ፣ ምርቃቱንም ሰምቼ እነሣለሁ፤ ደረቴም ሰላም ያድራል። ቡናውን ቀድሞ ዳቦ ወይም ንፍሮ መቅመስ ግን ግዴታ ነው።

ወተት ላይ የሚከራከሩት ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ሲጠጡት ያበርዳል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ግን ቆየት ብሎ ተጨማሪ አሲድ ያስመነጫል። አንድ ብርጭቆ ከምግብ ጋር ምንም አይደለም፤ ሌሊት በተቃጠሉ ቁጥር ወተት መጠጣት ግን ሕመሙን ማዞር ነው። እርጎ ሳይኮመጥጥ ገና በትኩስነቱ ከሆነ አብዛኛው ሰው ይቀበለዋል።

ተልባ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ተበጥብጦ ሲጠጣ የሚያዳልጠው ልጋጉ ለብዙ ሰው እፎይታ ይሰጣል፤ የአብሽ ውሃም እንዲሁ። ሕመሙን ይፈውሳሉ ብዬ አልናገርም፤ ሲያቃጥል ማለስለሳቸውን ግን አይቻለሁ፤ ዋጋቸውም ትንሽ ነው። ሁለት ጥንቃቄ አለ፤ ተልባው መድኃኒት እንዳይዋሐድ ሊያደርግ ስለሚችል በመሐላቸው 2 ሰዓት ያህል ይለዩ፤ አብሽ ደግሞ የደም ስኳር ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያዘውትረው።

ለስላሳ መጠጥ በጋዙ ይነፋል። ጠላ፣ ቢራና አረቄ የጨጓራን ግድግዳ በቀጥታ ይነካሉ፤ ሕመሙ እያለ የሚመረጥ አልኮል የለም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላውን በባዶ ሆድ ያሳልፋል፤ አብሮት የሚጠጣው ቡናና ለስላሳ ይጨመርበታል። ጨጓራ ያለበትና ጫት የሚቅም ሰው ከሁሉ በፊት የሚመረምረው ነገር ይህ ይሁን።

እንደየሁኔታው

ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ዋናው ችግሩ ሰዓቱ ነው። በሶ በጠርሙስ፣ ሁለት ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች በዕቃ ይያዝና በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ትንሽ ይብላ። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ሲገባ ጠግቦ ወዲያው አይተኛ፤ ከምግብ እስከ መኝታ 2 ወይም 3 ሰዓት መኖር አለበት። ካልሆነለት አጥሚት ጠጥቶ ይተኛና ዋናውን ምግብ ሲነሣ ይብላ።

ተማሪ ምግቡን ራሱ አይመርጥም። ካፌው የሰጠውን ወጥ ግን ከላዩ ያለውን ዘይት ትቶ ከሥሩ መጨለፍ፣ እንጀራውን በዝግታ ማላመጥ፣ የፈተና ሰሞን ቡናውን ከእራት በፊት ሳይሆን ከምሳ በኋላ ማድረግ ይችላል። በክፍሉ የበሶ ዱቄት አይጣ።

በጀቱ ጠባብ የሆነ ቤት ለታመመው ብቻ ተለይቶ ማብሰል አያስፈልገውም። ገብስ፣ ነጭ ሽሮ፣ ድንች፣ ዱባና አፍለኛ እንጀራ የሁሉም ገበታ ይሁን፤ በርበሬ የሚወዱት አዋዜውን በጎን ይዘው ይብሉ። ትንሽ ከፍ ያለ በጀት ያለው ተጨማሪውን ገንዘብ በእንቁላል፣ በፓፓያ፣ በሙዝና በሳምንት አንድ ቀን በሐይቅ ዓሣ ላይ ያውለው እንጂ በታሸገ «የጨጓራ ምግብ» ላይ አያውጣው።

ረመዳንን ለመጾም ከሐኪም ጋር የተስማማ ሰው ማፍጠሪያውን በተምርና ለብ ባለ ውሃ ይጀምር፤ ቀጥሎ የአጃ ወይም የገብስ ሾርባ ይምጣ፤ ሶላቱን ሰግዶ ይመለስና ዋናውን ይብላ። ሳምቡሳው በዘይት የተጠበሰ ስለሆነ መጀመሪያ አፍ ላይ የሚደርሰው እሱ መሆን የለበትም። ለስሑር ገንፎ ወይም ቂንጬ ይመረጣል፤ ቡና አይመረጥም። ሕመሙ ከጸና ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው።

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ባዶ ሆዱ ይረዝማል። የንስሐ አባቱን አማክሮ ሰዓቱን ማሳጠር ከቻለ መልካም ነው። ካልቻለ በ9 ሰዓት የመጀመሪያው ጉርሻ በዘይት የራሰ ቀይ ወጥ አይሁን። ያለ ቃሪያ የተሠራ የሱፍ ወይም የተልባ ፍትፍት ሆዱን ያባብለዋል፤ ከዚያ ነጭ ሽሮ ይከተላል።

ኦሜፕራዞል የታዘዘለት ሰው ከመጀመሪያው ምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ አለበት፤ ለጿሚ የመጀመሪያው ምግብ የቱ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገርና ሰዓቱን አብረው ያስተካክሉ።

የሚቀረው እንግድነት ነው። ሰው ቤት ሄዶ «ይህን አልበላም» ማለት እንደ ንቀት እንዳይቆጠር ብዙዎቻችን እየታመምን እንበላለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ባለፈው ጎረቤታችን ለዱዓ ቡና ሲጠሩን ገና ከመቀመጤ «እማማ፣ ጨጓራ አለብኝ» አልኳቸው። ምንም አላሉም፤ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ቁራሽ የገብስ ዳቦ ይዘው ተመለሱ። «ይህን ሳትጨርስ ሲኒ አልሰጥህም» አሉኝ፤ አቦሉ በእኔ በኩል አልፎ ሄደ፤ ቶናው ሲደርስ ዳቦውን ጨርሼ ነበር።